ዊልያም ፋር፤ ሙታንን በመቍጠር ሕያዋንን ያገለገለ ሰው

አንድ መሐንዲስ በወንዝ ላይ ግድብ ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የወንዙን የብዙ ዓመት ፍሰት ነው። የዘንድሮው ሙላት ከወትሮው በምን ያህል ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ያለፉት ዓመታት ልክ በመዝገብ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው። የሰውም ሞት ከዚህ ሥርዐት አይወጣም። ወረርሽኝ ወደ አንድ አገር ገብቶ ስንት ሰው ፈጀ ብሎ ለመናገር፣ ወረርሽኙ ባይገባ ኖሮ በዚያው ወራት ስንት ሰው ይሞት እንደ ነበር ማወቅ ግድ ይሆናል። የሁለቱ ቍጥሮች ልዩነት ከወትሮው በላይ የሆነ ሞት፣ ወይም በአጭሩ ተጨማሪ ሞት ይባላል።

ይህን አቈጣጠር የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የዘወትር ተግባር ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ፋር ነው። በመጠጥ ውሃና በፍሳሽ ሥራ የተሰማሩ የማኅበራችን አባላት ስሙን ከለንደን የኮሌራ ታሪክ ጋር ሳያውቁት አይቀሩም። የሕይወቱ ታሪክ ዛሬ እንደ ገና ሊነሣ የሚገባው ግን ስለ ሌላ ምክንያት ነው። በ2020 ዓለምን ያጥለቀለቀው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ፋር ከ170 ዓመት በፊት ጠረጴዛው ላይ ያገኘው የነበረውን ዓይነት መዝገብ እጅግ ብዙ አገሮች ዛሬም እንደሌላቸው ገልጦ አሳይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንፈልጋለን።

ፋር ኖቬምበር 30 ቀን 1807 በሽሮፕሺር አውራጃ ኬንሊ በተባለች መንደር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። የወላጆቹ ኑሮ ልጅ ለማስተማር የሚበቃ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጆሴፍ ፕራይስ የተባሉ የአካባቢው ባለርስት ገና በሕፃንነቱ ወስደው አሳደጉት፤ ፊደል እንዲቈጥርና መጻሕፍት እንዲመለከትም አደረጉት። እኒህ ሰው በ1828 ሲሞቱ ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ በኑዛዜ ተዉለት። ወጣቱም በዚያ ገንዘብ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ሕክምና ማጥናት ጀመረ።

በዚያን ዘመን በፓሪስ ፒየር ሉዊ የተባለ ስመ ጥር ሐኪም፣ አንድ ሕክምና ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት የተሻላቸውንና የሞቱትን ሕሙማን መቍጠር ይገባል እያለ ያስተምር ነበር። የዚህ ሐሳብ ዘር በፋር ልብ ውስጥ ወድቆ በቀለ። ፋር ወደ አገሩ ተመልሶ ትምህርቱን በለንደን ከቀጠለ በኋላ በ1832 የመድኀኒት ቀማሞች ማኅበር ፈቃድ አገኘ፤ በለንደንም የሕክምና ቤት ከፈተ። ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ የያዘ፣ የከበረ ዘመድ ያለውም ሰው ስላልነበረ ሥራው እምብዛም አልሰመረለትም። ኑሮውን የሚደጕመው ለሕክምና መጽሔቶች በመጻፍ ነበር። በ1837 ባለቤቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በዚያው ዓመት ስለ ሕዝብ ልደት፣ በሽታና ሞት ቍጥር የጻፈው ሰፊ ምዕራፍ፣ ማካሎክ ስለ ብሪታንያ ባሳተመው ታላቅ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ድሃው ሐኪም በዕውቀት ሰዎች ዘንድ መታወቅ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዕድሉም ከዘመኑ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር የሚጻፈው ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹም የየደብሩ ካህናት ነበሩ። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያ መዝገብ አይገኝም ነበር፤ የሞቱም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። በ1836 የወጣው ሕግ ግን ልደት፣ ጋብቻና ሞት ሁሉ በመንግሥት ሹም እንዲመዘገብ ወሰነ። ሥራው በጁላይ 1 ቀን 1837 ተጀመረ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1839 ፋር ከየወረዳው የሚመጡትን መዛግብት እየጨመቀ ሰንጠረዥ እንዲያዘጋጅ በመዝገብ ቤቱ ተቀጠረ። ቦታው ዝቅ ያለ ነበር፤ እርሱ ግን አርባ ዓመት ተቀምጦበት የዓለም ሐኪሞችና የመንግሥት ሰዎች የሚጠብቁት የዕውቀት ምንጭ አደረገው።

የመጀመሪያው ችግር የስም ችግር ነበር። አንዱ ሐኪም ለአንድ በሽታ የሚሰጠውን ስም ሌላው አያውቀውም፤ አንድ ስምም ሦስት አራት በሽታ ይሸፍን ነበር። ስም ካልተስማማ ድምር ትርጕም የለውም። ስለዚህ ፋር የሞትን ምክንያቶች በወገን በወገናቸው የሚለይ ዝርዝር አዘጋጀ። ከ1845 ጀምሮም መዝገብ ቤቱ ለሐኪሞች ባዶ ቅጽ እያደለ የሞት ምክንያት በተመሳሳይ መልክ እንዲጻፍ አደረገ። ሥራው የጸሐፊ ሥራ ቢመስልም የቀረው ሁሉ የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ማነጻጸር ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ስሌት፣ በሰሪ አውራጃ የሚወለድ ሕፃን በአማካይ 45 ዓመት ይኖራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በለንደን የተወለደው 37፣ በሊቨርፑል የተወለደው ግን 26 ዓመት ብቻ እንደሚጠበቅለት አሳየ። ቈይቶም ጤናማ የተባሉትን ወረዳዎች ለይቶ፣ በእነርሱ ዘንድ በዓመት ከ1,000 ሰው የሚሞተው 17 ብቻ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ይህን ቍጥር እንደ መለኪያ አቆመው። ከ17 በላይ የሚሞተው ሁሉ በፋር ዘንድ የእግዚአብሔር ቍጣ ሳይሆን የቈሻሻ፣ የመጥፎ ውሃና የተጨናነቀ ቤት ውጤት ነበር። እኛ ቀያሾች የአንድን ኮረብታ ከፍታ ስንለካ የታወቀ መነሻ ነጥብ እንደምንይዝ፣ እርሱም ለሞት መነሻ ነጥብ ተከለ ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ በወረርሽኝ ላይ የተፈተነው በ1847 ነው። በዚያ ዓመት በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ለንደንን ኢንፍሉዌንዛ መታት። በሽታው ቀላል ጉንፋን ተብሎ የሚናቅ በመሆኑ፣ በሞት ምክንያትነት ስሙ የተጻፈባቸው ሰዎች ከሞቱት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ሁሉ በሳንባ ምች፣ በብሮንካይት፣ በአስምና በእርጅና ስም ተመዝግበው ነበር። ፋር ግን የሚያነብበውን ዐምድ ለወጠ። በየሳምንቱ በማናቸውም ምክንያት የሞቱትን ጠቅላላ ቍጥር ወስዶ በዚያ ወራት ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው ጋር አስተያየ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከወትሮው በላይ ከ5,000 የሚበልጥ ሰው ማለቁን አገኘ። ሐኪሙ በየምስክር ወረቀቱ ላይ ያላየውን ወረርሽኝ ድምሩ አሳየው። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት የተጨማሪ ሞት ስሌት ሥሩ ይህ ነው።

ፋር ሁልጊዜ አልተሳካለትም፤ ስሕተቱም ከስኬቱ የማያንስ ትምህርት አለው። በ1849 ኮሌራ በእንግሊዝና በዌልስ 53,293 ሰው ገደለ። ፋር የለንደንን ሙታን በየወረዳው ከፍታ መድቦ ሲያጠና፣ ከቴምዝ ወንዝ ወለል ከ20 ጫማ በታች ባሉት ወረዳዎች ከ10,000 ሰው 102፣ ከ20 እስከ 40 ጫማ ባሉት ደግሞ 65 መሞቱን አገኘ። ቍጥሩ ከፍታ በጨመረ ቍጥር በሥርዐት እየቀነሰ ሄደ። እንደ ዘመኑ ሊቃውንትም በሽታው ከረግረግና ከቈሻሻ የሚነሣ መጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ከፍታው የአየሩን ጥራት ያሳያል ሲል ደመደመ። መረጃው ትክክል ነበር፤ ትርጕሙ ግን ስቶ ነበር። በዝቅተኛው ቦታ የሚኖሩት ሰዎች የሚጠጡት ከቴምዝ የቈሸሸ ክፍል የተቀዳ ውሃ ነበር።

ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ኮሌራ በውሃ ይተላለፋል ብሎ በተነሣ ጊዜ ፋር ሐሳቡን ባይቀበለውም መዝገቡን አልዘጋበትም። በ1854 ስኖው የሙታኑን አድራሻ ያገኘው ከፋር መሥሪያ ቤት ነው። ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ ሲያጣራ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ከቈሸሸው ክፍል ውሃ የሚቀዳው ኩባንያ በሚያጠጣቸው ከ10,000 ቤቶች 315 ሰው ሲሞት፣ የውሃ መቅጃውን ወደ ላይኛው ወንዝ ባዛወረው ኩባንያ ቤቶች 37 ብቻ መሞቱን አሳየ። ስኖው በ1858 ሞተ። ፋር ግን በ1866 ኮሌራ ምሥራቅ ለንደንን ብቻ ነጥሎ ሲያጠቃ፣ የሳምንቱን ሰንጠረዥ ከውሃ ኩባንያዎች ክልል ጋር አስተያይቶ ሙታኑ በአንድ ኩባንያ መስመር ላይ የተከማቹ መሆናቸውን ተረዳ። ኩባንያው በመጀመሪያ ቢክድም፣ ክዳን ከሌለው ማጠራቀሚያ ያልተጣራ ውሃ ለሕዝብ መለቀቁ በኋላ ተረጋገጠ። ፋር በ1868 በታተመው ዘገባው የውሃውን ምክንያት በግልጽ ደገፈ። የራሱን ሕግ የገዛ ራሱ መዝገብ ሲያፈርሰው መዝገቡን አመነ።

ለእኛ ሙያ የሚቀርብ ሌላም ሥራ አለው። በ1864 ያሳተመውን የእንግሊዝ የዕድሜ ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት፣ ስዊድናውያኑ ጌኦርግና ኤድቫርድ ሾይትስ ከቻርልስ ባቤጅ ሐሳብ ተነሥተው በፈለሰፉት የሒሳብ መኪና ተጠቀመ። ለዚሁ ሲባል በለንደን የተሠራው መኪና ቍጥሩን ራሱ አስልቶ ለኅትመት የሚሆነውን ቅርጽ እንዲያወጣ የታሰበ ነበር። መኪናው ብዙ እንክብካቤ የሚጠይቅ በመሆኑ የሠራው የሰንጠረዡን ከፊል ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሒሳብ መኪና ካሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ፋር ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር ሠርቷል። ከክሪምያ ጦርነት በኋላ የወታደሩን ሞት ከሲቪሉ ሞት ጋር በማነጻጸር፣ በሰላም ጊዜ እንኳ ወታደሩ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ከእኩዮቹ ይልቅ በብዛት እንደሚሞት አብረው አሳዩ።

የፋር ሥራ በአንድ አገር ድንበር ተወስኖ የሚቀር አልሆነም። በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ፣ ለአገሮች ሁሉ የሚሆን አንድ ወጥ የሞት ምክንያት ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ፋርንና የጄኔቫውን ሐኪም ማርክ ደስፒንን መረጠ። ሁለቱ ሰዎች ሊስማሙ አልቻሉም። አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ የተደራጀ ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። በ1855 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤም ሁለቱን አስታርቆ 139 ምድብ ያለው ዝርዝር አጸደቀ፤ ዝርዝሩ ግን በሁሉም ዘንድ አልተሠራበትም። ፋር ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1893 ዣክ ቤርቲዮን በቺካጎ ያቀረበው ዝርዝር በርካታ አገሮችን አሰባሰበ፤ በሽታዎችን ባጠቁት የአካል ክፍል የመመደቡን የፋርን መርሕም ይዞ ነበር። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ኀላፊነቱን የተረከበውና ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመጣል።

ፋር በ1855 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ ከ1871 እስከ 1873 ደግሞ የስታቲስቲክስ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መራ። ይሁንና የመዝገብ ቤቱ የበላይ ሹም ጆርጅ ግራሃም በ1879 ሥራ ሲለቁ፣ በዕድሜውም በዕውቀቱም ቦታው ይገባው የነበረው ፋር ታለፈ። ሹመቱ ለባለ ማዕርግ ቤተሰብ ልጅ ተሰጠ። ፋር በዚህ አዝኖ ሥራውን ተወ። መንግሥት የክብር ኒሻን ቢሰጠውም ጤናው ደክሞ ነበር፤ በአፕሪል 14 ቀን 1883 ዐረፈ። በየዓመቱ ዘገባ ውስጥ ተበትነው የነበሩት ጽሑፎቹ በ1885 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2022 ባወጣው ግምት፣ በ2020ና በ2021 ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር በተያያዘ ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ያህል ነው። የግምቱ ወሰን ከ13.3 እስከ 16.6 ሚሊዮን ይደርሳል። በእነዚያው ሁለት ዓመታት መንግሥታት በኮሮና ሞቱ ብለው ያስታወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ክፍተቱ የ1847ቱን ለንደን ያስታውሳል። ልዩነቱ ፋር የቈጠረውን ሲናገር፣ የዛሬው ድርጅት ለብዙ አገሮች ያልተቈጠረውን ለመገመት መገደዱ ነው። አሪኤል ካርሊንስኪና ድሚትሪ ኮባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 ከየአገሩ የሞት መዝገብ እየለቀሙ ባሳተሙት ጥናት መረጃ ሊያገኙ የቻሉት ለ103 አገሮችና ግዛቶች ነው። ከአፍሪካ የተገኙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

ክፍተቱ ዓይነቱ ብዙ ነው። በአንዳንድ አገር መዝገቡ ጭራሽ የለም። በሌላው መዝገቡ ቢኖርም የሚሞላው ከወራት በኋላ በመሆኑ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ እንጂ በመካከሉ ለውሳኔ አይደርስም። አንዱ በሳምንት፣ ሌላው በወር፣ ሦስተኛው በዓመት ስለሚደምር ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስቸግራል። የአንድ ከተማ ወይም ክፍለ ሀገር መዝገብ ብቻ ሲገኝ ያ ለመላው አገር ተባዝቶ ይወሰዳል። ሕንድ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት 4.7 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሞት ገምቶላት፣ እርሷ ግን እስከ 2021 መጨረሻ ያስታወቀችው 481,000 ገደማ ስለ ነበር፣ መንግሥቷ የስሌቱን ዘዴ አጥብቆ ተቃውሟል። መዝገብ በጐደለበት ቦታ ሁሉ ክርክሩ ስለ ዘዴው ይሆንና ሙታኑ ይረሳሉ።

መዝገብ በሞላበት አገርም ቢሆን መነሻው ነጥብ ራሱ ያከራክራል። ይሞት ነበር የተባለው ቍጥር የሚወጣው ካለፉት ዓመታት ነው፤ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይኬድ፣ የሕዝቡ መጨመርና ማርጀት እንዴት ይታሰብ የሚሉት ምርጫዎች መልሱን ይለውጡታል። ለጀርመን በ2022 የተሰጠው የመጀመሪያ ግምት ስሌቱ እንደ ገና ሲመረመር ዝቅ እንዲል የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነት ከሁለት ቍጥሮች የሚገኝ እንደ መሆኑ የሁለቱም ስሕተት በልዩነቱ ላይ ያርፋል፤ ይህን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም። ደግሞም ተጨማሪ ሞት ሲባል በበሽታው የሞተው ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት ተጨናንቆ ሕክምና ያጣውም ይገባበታል፤ ኢንፍሉዌንዛ ባለመሠራጨቱ የተረፈው ደግሞ ይቀነስበታል። ኒውዚላንድ በ2020 ከሚጠበቀው ያነሰ ሞት የመዘገበችው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ የኅዳር በሽታ ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወሳል፤ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የሚታሰበውም እርሱ ነው። በከተማዋ ያለቀው ሰው ወደ 10,000 እንደሚደርስ ቢነገርም የሚነገረው ግምት ነው፤ የሚነጻጸርበት የቀደመ ዓመት መዝገብ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ስለ ሞት ምዝገባ ዝርዝር አንቀጾች ቢኖሩትም፣ እነዚያው አንቀጾች ወደ ፊት በትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ እንዳይሠራባቸው ሕጉ ራሱ አግዷቸው ነበር። አዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ ከጀመረችበት 179 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በመካከሉ ግን ብልኀት የተሞላባቸው ሥራዎች ተሠርተዋል። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ የተመረጡ ቀበሌዎችን ልደትና ሞት በየቤቱ እየዞሩ የመዘገቡት ተመራማሪዎች አንደኞቹ ናቸው። በ2001 በአዲስ አበባ የተጀመረው ጥናት ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀት በሌለበት ከተማ ቀብርን መዝገብ አደረገው። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በሙስሊሞችና በማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብር ሁሉ የሚቀበሩት እየተቈጠሩ፣ የተመረጡት ሟቾች ቤተሰብ ስለ ሕመሙ እየተጠየቀ የኤድስ ሞት መጠንና መድኀኒቱ ከመጣ በኋላ የታየው ቅናሽ ሊታወቅ ቻለ። ከዚህ የምንረዳው ጠፍቶ የኖረው ዕውቀት እንዳልሆነ ነው። በየሠፈሩ እድር አለ፤ የእድር ጸሐፊ ማን መቼ እንዳረፈ ያውቃል። የጐደለው ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚያደርስ ሥርዐትና በጠረጴዛው ላይ አርባ ዓመት የሚቀመጥ ሰው ነው።

ፋር የኮሌራን ጀርም አላየም፤ አንድም የኢንፍሉዌንዛ ሕሙም በቍጥሩ አላዳነም ሊባል ይችላል። ነገር ግን በእርሱ ሰንጠረዥ መሠረት የውሃ መቅጃዎች ተዛውረዋል፣ ማጠራቀሚያዎች ተከድነዋል፣ የከተማ አስተዳዳሪዎች ወረዳቸው ከጎረቤት ወረዳ በምን ያህል እንደሚበልጥ ሲጠየቁ መልስ እንዲሰጡ ተገደዋል። መንገድና የውሃ መስመር፣ ድልድይና ፍሳሽ የምንሠራ ሰዎች ሥራችን ሕይወት ማትረፉን የምናረጋግጠው በዚሁ መዝገብ ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት የወትሮው ልክ መታወቅ አለበት፤ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ መነሻ ነጥብ መትከል አይቻልምና። አንድ ቀበሌ የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀንና ቦታ በሳምንቱ ቢጽፍና ቢያስተላልፍ፣ ዊልያም ፋር በ1839 የጀመረውን ሥራ ቀጠለ ማለት ነው።